አውድማ የተባልንበት ቀን

ባለቤቴ እዚህ ብቸና የስፖርት መምህር ነበር። ካረፈ ገና ዓመቱ አልሞላም። ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ቡድን ልጆች መጥተው፣ «እትዬ፣ አውድማ የሚለው ስማችን ስድብ ነው ይሉናል፤ እንቀይረው?» አሉኝ። እኔም የማውቀውን ነገርኳቸው።

ያኔ ሜዳ ስላልነበረን ተማሪዎቹ የሚለማመዱት እህሉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ በገበሬዎች አውድማ ላይ ነበር። አውድማ በጫማ አይረገጥምና ሁሌም ጫማቸውን ዳር አውልቀው ይገባሉ። ሞጣ ለውድድር በሄድን ቀን ታዲያ ከልምድ የተነሳ ጫማቸውን ሜዳው ዳር ደርድረው ገቡ።

የሞጣ ተማሪዎች ሳቃቸውን ለቀቁት። «እናንተ! አውድማ መሰላችሁ እንዴ? በሬዎቹስ የታሉ?»

ልጆቹ አፍረው ወደ ጫማቸው ሊመለሱ ሲሉ ባለቤቴ ከነክራባቱ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ የራሱን ጫማ አወለቀ። «አዎ፣ አውድማ ነው! ተጫወቱ!» አላቸው። ጨዋታው እስኪያልቅ በባዶ እግሩ ቆሞ አየ። አንድ ለዜሮ አሸነፍን። በአውቶቡስ ስንመለስ ልጆቹ «አውድማ! አውድማ!» እያሉ ጨፈሩ፤ ስሙን የወሰዱት ራሳቸው ናቸው።

ነግሬ ስጨርስ አምበሉ ጓደኞቹን ዞሮ አያቸውና፣ «እንግዲያው አዲሱ ማሊያ ላይ ደረታችን ላይ ይጻፍ» አለ።