በሰው እጅ መጉረስ

ካህኑ ጽዋውን ለመባረክ ሲነሡ በቤቱ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው ከመስኮቱ ሥር ቆመዋል። የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለት መሪያችን፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ከካህኑ በስተቀኝ፣ ጽዋው ከተቀመጠበት ጠረጴዛ አጠገብ ነበሩ። የዕለቱ ደጋሽ የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ እጇ በወጥ እንደ ቀላ ከጓዳው በር ላይ ቆማለች። በእናቷ ቦታ የገባችው፣ ባንክ የምትሠራው ወጣት ከቁም ሳጥኑ አጠገብ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ። ምላሷን ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራው ጎረቤቴ ከኋላዬ። የቀሩት ማኅበርተኞች በግድግዳው ዙሪያ። እኔ ከመካከል፣ ከመሶቡ ፊት ለፊት።

በዚያ ቀን ጽዋውን የምረከበው እኔ ነበርኩ።

ማኅበራችን በየወሩ በጊዮርጊስ ቀን፣ በተራ በየቤታችን ይደገሳል። ሰው በልቶ ጸሎት ከደረሰ በኋላ ሙሴው ጽዋውን ለባለተራው ያስረክባል። ባለተራው በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ከቤቱ ባመጣው ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በእልልታ ታጅቦ ይወጣል። የሚቀጥለው ወር ድግስ የእሱ ነው። እናቴ ሞታ በቦታዋ ከገባሁ ጀምሮ ተራዬ አልፎኝ አያውቅም። ሐዘን ላይ ሆኜ እንኳ ተቀብያለሁ። አሁን ደግሞ ታምሜ ልቀበል ነበር። ከተቀበልኩ ማኅበርተኛ ነኝ። ካልተቀበልኩ ለጽድቅ ተብሎ የምትጋበዝ በሽተኛ ነኝ። በመካከሉ ሌላ ቦታ የለም።

በሽታው ፓርኪንሰን ይባላል። ሐኪሙ ስሙን ከመናገሩ በፊት ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ አስኬደኝ፤ አውራ ጣቴን ከሌባ ጣቴ ጋር ቶሎ ቶሎ እንዳጋጭ አዘዘኝ፤ በመጨረሻ ወረቀት ሰጥቶ አንድ ዓረፍተ ነገር አጻፈኝ። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ በኋላ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ፒያሳ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ቤት ውስጥ እየለካሁና እየቆረጥኩ ነው። መቀስ ይዤ እጄ ጠሞብኝ አያውቅም። ወረቀቱ ላይ ያየሁት ጽሕፈት ግን እየሄደ የሚያንስ ነበር፤ መጀመሪያው ፊደል ነው፣ መጨረሻው ጉንዳን። ሐኪሙ አየት አደረገና፣ "እማማ፣ አይድንም፤ ግን በመድኃኒት አብረውት ይኖራሉ" አለኝ። ቀበሌው ደባል የመደበብኝ መሰለኝ።

ደባሉ ንጽሕና የማያውቅ ነው። ጠዋት ስነሣ ትራሴ በገዛ ምራቄ ርሶ አገኘዋለሁ። ሆዴን ቆልፎ ይይዘዋል። ሽታ ወስዶብኛል፤ ድስቴ ማረሩን የማውቀው ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ነው። ሽታ የሌለው ሰው ምግብ ሲበላ የሚቀርለት ሙቀቱ፣ ቅባቱና ማሟለጩ ብቻ ነው። ቅቤ የነካው እንጀራ አፌ ውስጥ የወለል መወልወያ ጨርቅ ይሆንብኛል። ፊቴም ከታዘዘኝ ቆይቷል። የሳቅኩ ሲመስለኝ አልሳቅኩም፤ የተቆጣሁ ሲመስለኝ አልተቆጣሁም። ሰዎች "ምነው ኮራሽብን" ይሉኛል። መጸየፌን የማሳይበት ፊት እንኳ የለኝም።

መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ ከበሽታው የባሰ ነበር። ጠዋት ውጬ ከቤት ስወጣ አንጀቴ ይገለበጣል። አንድ ቀን ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ስሄድ መንገድ ዳር ግንብ ተደግፌ አስመለሰኝ። ታክሲ የሚጠሩ ወጣቶች ቆመው ነበር።

"እማዬ፣ ዛሬ በጊዜ ጀመሩት እንዴ?" አለ አንዱ።

"ዝም በል፣ የትናንቱ ነው። ሒሳብ እየዘጉ ነው" አለው ሌላው።

ሳቁ። እኔም በእነሱ ዕድሜ ብሆን እስቅ ይሆናል። ጫማዬ ላይ የተረጨውን በመሐረብ ጠረግሁና መሐረቡን እዚያው ጥዬው ሄድኩ። አጥቤ ዳግመኛ ፊቴን ልጠርግበት አልቻልኩም።

ሆዴ ቀስ በቀስ ለመደው። ከዚያ በኋላ የቀረኝ የመድኃኒቱን ጠባይ መማር ነበር። በባዶ ሆድ ይፈልገኛል፤ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ከኪኒኑ ጋር በአንድ በር ለመግባት ይጋፋሉ። ሥጋው ይገባል፣ መድኃኒቱ ደጅ ይቀራል። ይህን በራሴ አካል ያየሁት በሁዳዴ ነው። ጎመንና ድንች እየበላሁ ኪኒኑ መንገዱን አገኘ፤ ከቤቴ አምስት ኪሎ ድረስ ያለ ከዘራ ሄጄ ተመለስኩ። የማኅበሩ ሴቶች "ጾሙ ፈወሳት" አሉ። አንዷም መድኃኒቱን ትቼ ጠበል ብቻ እንድጠጣ መከረችኝ። ጠበሉንም ጠጣሁ፣ ኪኒኑንም ዋጥኩ። ለማንም አላስረዳሁም። ፋሲካ ሲደርስ ዶሮ በላሁና ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ደርቄ ዋልኩ። ያን ጊዜ ማንም ሥጋው ነው አላለም። "በሽታው ተነሣባት" ተባለ።

ስለዚህ የጊዮርጊስን ቀን አስቤበት ነው የሄድኩት። ኪኒኑን እዚያ ደርሼ እውጣለሁ፤ ምግቡን አዘግይቼ ለወጉ ያህል እቀምሳለሁ፤ ርክክቡ ሲደርስ እጄም እግሬም የኔ ይሆናሉ። ለጽዋው የሚሆን ነጭ ጨርቅ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁ።

የጓደኛዬ ቤት ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ይገባል። ደርሼ እንደ ተቀመጥኩ ውኃ ለመንኳት። ኪኒኑን ሳወጣ አየችኝ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"መድኃኒቴ ነው። ምግቡን ትንሽ ቆይቼ እበላለሁ።"

"በባዶ ሆድሽ? ይሄን የመሰለ ጠንካራ መድኃኒት? አንጀትሽን ሊቆራርጠው ነው እንዴ የፈለግሽው!"

"ሐኪሙ እንደዚያ ነው ያዘዘኝ።"

"ሐኪም የሚያውቀው መውጋት ነው፤ ማጉረስ የኛ ነው" አለችና ሰዎቹን አሳቀቻቸው።

ኪኒኑን ዋጥኩ። ጉሮሮዬን ከማለፉ ሳሕን ይዛ መጣች። የዶሮ እግርና ግማሽ እንቁላል በአንድ እንጀራ ጠቅልላ አፌ ላይ ደቀነች።

"ይቆይልኝ" አልኳት።

"በሞቴ!"

በሞቴ ከተባለ በኋላ አፍ የሚዘጋ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ከፈትኩ። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ ጣቶቿ አብረው ገቡ፤ የቀለበቷ ብርድ ጥርሴን ነካው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ተከተለ። ከዚያ ሌሎቹ ሴቶች ተነሡ። አንዷ ክትፎ፣ አንዷ አይብ። እያንዳንዷ ከፊቴ ጎንበስ እያለች፣ እንደ ሕፃን "አአአ" እያለች። የበሽታው ሌላ ጠባይ ደግሞ መዋጥ ማዘግየቱ ነው። የመጀመሪያውን ሳልጨርስ ሦስተኛው ይመጣል። ለብ ያለ ጥሬ ሥጋ ምላሴ ላይ ተቀምጦ ቅቤው ከከንፈሬ ጥግ ወረደ። የማን ጥፍር እንደ ሆነ የማላውቀው ላንቃዬን ቧጠጠኝ። የአምስት ሴት እጅ ጨው ቀመስኩ።

ቀፈፈኝ። ሌላ ቃል የለኝም። እነዚህ ሴቶች ይወዱኛል፤ ስታመም እየመጡ ጠይቀውኛል፤ ያም ሁሉ እውነት ሆኖ ጣታቸው አፌ ውስጥ ሲገባ ቀፈፈኝ። ፊቴ ግን ምንም አላለም፤ ዝም ብሎ ይቀበላል።

"ኧረ ተዋት፣ የርግብ ጫጩት አደረጋችኋት እኮ!" አለች ጎረቤቴ።

"አንቺስ ለምን አታጎርሻትም?" አሏት።

"እኔ ለማን ብዬ? እጇን እዩት፣ ያለ ከበሮ ይጨፍራል። እኔ ካጎረስኳት ትሸልላለች።"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከሁሉም እሷ ተሻለችኝ፤ ቢያንስ እጇን ሰብስባ ነበር የተቀመጠችው። ደጋሿ ከአፌ የወረደውን ልትጠርግልኝ የነጠላዋን ጫፍ አመጣች። ጫፉ ከጓዳ የመጣ ነው፤ እርጥብና ቅባታም። አገጬን፣ ከዚያም አፍንጫዬን ጠረገችበት።

"መሐረብ አለኝ" አልኩ። አፌ ሙሉ ስለ ነበር አልሰማችኝም።

ኪኒኑ ሲሠራ አውቀዋለሁ። ከትከሻዬ የሚጀምር መላላት አለ፤ አንገቴ ይፈታል፣ ከዚያ እጄ ጸጥ ይላል። እዚያ ተቀምጬ ጠበቅኩት። ጸሎት ደረሰ፣ ጠላ ዞረ፤ ትከሻዬ እንደ ደረቀ ነው። እጄን ከነጠላዬ ሥር ደበቅኩት።

ካህኑ "በሉ ልጆቼ፣ እንነሣና ጽዋውን እናስረክብ" አሉ። ሁሉም ተነሣ። እኔም መሶቡን ተደግፌ ተነሣሁ። በመጀመሪያ የተናገርኩት የዚያን ጊዜውን አቋቋማችንን ነው።

ካህኑ ባረኩ። ሙሴው ጽዋውን አንሥተው ወደ እኔ ዞሩ። ከእሳቸው እስከ እኔ ድረስ ያለው ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። እግሬን አዘዝኩት፤ ወለሉ ላይ እንደ ተለጠፈ ቀረ። እንዲህ ሲይዘኝ ወለሉ ላይ መስመር ካገኘሁ መስመሩን ለመሻገር ብዬ እግሬን ማንሣት እችላለሁ፤ ቤቴ ውስጥ በጣውላው መጋጠሚያ እለማመዳለሁ። የጓደኛዬ ፕላስቲክ ምንጣፍ ግን ከዳር እስከ ዳር አበባ ነው። እጄን ዘረጋሁ። እጄ ሁሉም እያየው ተንዘፈዘፈ።

ሙሴው "ይምጡልኝ እንጂ" ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ወደ ቁም ሳጥኑ አየት አደረጉ።

ያቺ ወጣት ቦርሳዋን ከፈተች። የተተኮሰ ነጭ ጨርቅ አወጣች።

በማኅበራችን ጨርቅ ይዞ የሚመጣው ባለተራው ብቻ ነው። ቦርሳዋን ለምን አቅፋው እንደ ቆመች ያን ጊዜ ገባኝ።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለችኝ። "እርስዎ እንዳይደክሙ ነው።"

"መቼ ተባለ ይሄ?" አልኩ፣ ወደ ሙሴው። ድምፄ እንደ ፈለግሁት ጮክ አላለልኝም፤ እሱም ከበሽታው ወዲህ አንሷል።

"እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቅጥሩ ውስጥ ቆመን ተነጋገርንበት። ለእርስዎ አስበን ነው።"

"እኔ የት ነበርኩ?"

"እዚያው ነበሩ። ዛፉ ሥር ተቀምጠው። ልናስጨንቅዎ አልፈለግንም።"

ዛፉ ሥር መቀመጤን አስታውሳለሁ። ከሩቅ እጃቸውን አወዛውዘው ሰላም ብለውኛል፤ እኔም አወዛውዣለሁ። ስለ እኔ እየተነጋገሩ ነበር ሰላም የሚሉኝ። ታዲያ ይህ ሁሉ ጉርሻ ለምን ነበር? ለተቀማ ሰው የሚሰጥ ማጽናኛ።

"ተራው ላልሆነ ሰው መስጠት ደንብ ነው ወይ?" አለች ጎረቤቴ ከኋላዬ። ድምፅዋ ቀልድ አልነበረበትም።

ካህኑ መሬት መሬት አዩ። ወጣቷ በሁለት እጇ ተቀበለች፤ እጇ ቀጥ ያለ ነው። ጠቀለለችው።

ደጋሿ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ከጓዳው በር መጣች። በአንድ እጇ ትከሻዬን ያዘች፤ በሌላው ጉርሻ ይዛለች።

"አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ። አትዘኝብን።"

አፌን መክፈቴን አላስታውስም፤ ግን ገባ። ክትፎ ነው። ለጥቂት ጊዜ ያዝኩት። ከዚያ ባልታዘዘኝ እጄ ከአፌ አወጣሁት። መሶቡ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። ከንፈሬን በራሴ መሐረብ ጠረግሁ።

ትከሻዬን ለቀቀችው።

ከሴቶቹ አንዷ እልልታውን ጀመረች፤ ሌሎቹ ወዲያው አልተከተሏትም። ጽዋው ሊወጣ ስለ ሆነ አንድ ሰው በሩን በሰፊው ከፈተው። የደጁ ፀሐይ ገብቶ ምንጣፉን ቆረጠው፤ ከእግሬ ፊት፣ በአበቦቹ ላይ፣ ጥላና ብርሃን የሚለይበት ቀጥ ያለ ጠርዝ ሠራ። ጠርዙን አየሁት። ቀኝ እግሬን አንሥቼ ተሻገርኩት፤ ግራው ተከተለ።

ጽዋውን የያዘችው ልጅ መንገድ ለቀቀችልኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ከእሷ ቀድሜ ወጣሁ።