ከስምጥ ሸለቆው ማዶ

ልጅ ሳለሁ፣ ዲላ በቀበሌ ቤት ስንኖር፣ አባቴ ራት እስኪደርስ ከፍሙ አጠገብ ተቀምጦ በሚነግረኝ ተረት ውስጥ ጅብም ጦጣም አልነበሩም። የጂኦግራፊ መምህር ነበርና የሚያወራው ስለ መሬት ነው። ምድር አንድ ወጥ አይደለችም፣ እጅግ ቀስ ብለው በሚጓዙ ግዙፍ የዓለት ንጣፎች የተከፋፈለች ናት ይለኝና በኩራዙ ብርሃን ሁለት መዳፎቹን አጋጥሞ ያሳየኝ ነበር። ሲገፋፉ ጠርዛቸው ታጥፎ ተራራ ይሆናል። ጎን ለጎን ሲተሻሹ ተያይዘው ይቆዩና ድንገት ሲላቀቁ ምድር ትንቀጠቀጣለች። ሲራራቁ ደግሞ መሃሉ ይሰምጣል፤ ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ቁልቁል የምናየው፣ የአባያ ሐይቅ የተኛበት ሸለቆ የመጣው በዚህ ነው።

ጌዴኦዋ እናቴ በእንሰት ቅጠል የጠቀለለችውን ቆጮ እያገላበጠች ጀርባዋን ትሰጠን ነበር። አባቴን ካነጋገረችው ወራት አልፈዋል።

ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የደረሱትን ሲመዘግብ፣ ጽሕፈት ይችላል ተብሎ መዝገቡን የያዘው አባቴ ነበር። ጎረቤቶቻችን የልጆቻቸውን ዕድሜ ቀንሰው ሲነግሩት ያሉትን ጻፈ። ወንድሜ ታምራት ላይ ሲደርስ ግን እውነተኛውን ዕድሜ አሰፈረ። «እነሱ ሲዋሹ መጻፍ ሌላ፣ እኔ መዋሸት ሌላ» አለ። ታምራት ተወሰደ። ከአስመራ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ።

አንድ ምሽት አባቴን፣ «አስመራ ከሸለቆው በየት በኩል ነው?» አልኩት።

«በምዕራብ።»

«እኛስ?»

«በምሥራቅ።»

ያኔ ነገሩ ገባኝ። በዓመት የሚርቀው ከአንዲት የቡና ፍሬ ርዝመት ቢያንስም፣ ታምራት የቆመበት መሬት ከእኛ እየራቀ ነበር። ፈራሁ፤ አለቀስኩም።

እናቴ ዞር አለች። «የታሜ አባት፣ የራቀው መሬት ይመለሳል?»

አባቴ መልሱን ያውቀዋል። ክፍል ውስጥ አንዲት ነገር ቢሳሳት በማግሥቱ ተማሪዎቹን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነበር። ፍሙን ቆሰቆሰና፣ «ይመለሳል» አለ። «ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይመለሳል።»

እናቴ ውሃ አምጥታ እጁን አስታጠበችው፤ ለወራት ይህ የእኔ ሥራ ነበር።

ታምራት አልተመለሰም። እኔም አድጌ የአባቴን ትምህርት ተማርኩና የኛ ሸለቆ እየሰፋ የሚሄድ እንጂ የሚገጥም እንዳልሆነ ከመጽሐፍ አነበብኩ። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ አንድ ቀን፣ «አንቺም ተምረሻል፤ አባትሽ ያኔ ያለው እውነት ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው እማዬ» አልኳት።

«ተይ ልጄ። እንደዋሸ ያኔውኑ አውቄያለሁ» አለች። «ለልጁ ያልዋሸ ሰው ለእኔ ሲል ዋሸ። ምን ላድርገው፣ ማርኩት።»

ዛሬ ስለ ሸለቆው ሳስተምር ለተማሪዎቼ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። የራቀው መሬት አይመለስም የሚለው ላይ ስደርስ ግን ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞራለሁ፤ ለምን እንደሆነ አያውቁም።