ቦርዱን ሳያይ የጻፈው ሊቅ

የሚስቴን ታላቅ ወንድም ዘመድ አዝማዱም የመሥሪያ ቤቱ ሰውም «ሊቁ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት እናቱ ናቸው። ልጅ ሳለ የጎረቤት ሬድዮ አልናገር ብሎ ቢጠሩት፣ ከግድግዳው የወጣውን ገመድ መልሶ ሰካው፤ ሬድዮውም ተናገረ። እሳቸው «ሊቅ ወለድኩ!» ብለው እልል አሉ። እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንገቱን ገትሮ መሄድ ጀመረ።

እኔ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። መስታወት ሳያይ ወደ ኋላ የሚነዳ ሰው አይቼ አልጨርስም። እነዚያ ግን ግንቡን ሲመቱ ቢያንስ ይደነግጣሉ። ሊቁ ግንቡን «ለምን እዚህ ቆምክ?» ብሎ የሚቆጣ ዓይነት ነው።

እሱና ሚስቴ የሚሠሩት አንድ ቦታ ነው። መሥሪያ ቤታቸው በክሊኒክና በአውቶቡስ መናኸሪያ የሚሰቀሉ፣ ተራና ሰዓት የሚያሳዩ ስክሪኖችን ያዘጋጃል። ሚስቴ ምስሉን ለስክሪኑ የሚልከውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ትነድፋለች። ሊቁ ደግሞ ያንን ቦርድ ለከርነል የሚገልጸውን ፋይል ይጽፋል።

ከርነል፣ ሚስቴ እንዳስረዳችኝ፣ ማሽኑን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ የስርዓተ ክወናው፣ እምብርት ነው፤ ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ ነቅቶ ሌላውን ሁሉ ያዛል። ግን ዓይን የለውም። ማውስና ኪቦርድ ሲሰኩ ራሳቸው «እኔ እገሌ ነኝ» ይሉታል፤ በቦርዱ ላይ ምን ከምን ጋር እንደተበየደ ግን ሰው ካልነገረው አያውቅም። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይጽፍለታል፦ ምስሉ ከዚህ ቺፕ ይወጣል፣ በዚህ በኩል ያልፋል፣ መጨረሻው የስክሪኑ ገመድ የሚሰካበት የኤችዲኤምአይ ሶኬት ነው፣ ገመድ መሰካቱን የምታሳውቀው መስመር ደግሞ ይህቺ ናት። ከርነሉ የተጻፈለትን ያምናል። የሌለ ነገር ቢጻፍለት፣ የሌለውን ነገር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ሊቁ ይህን ሥራ ይንቀዋል። «ይሄማ የጸሐፊ ሥራ ነው፤ እኔን የመሰለ ሰው ሽቦ ሲቆጥር አይውልም» ይላል። ስለዚህ አዲሱ ቦርድ ሲመጣ የአሮጌውን ፋይል ገለበጠ፣ አናቱ ላይ ያለውን ስም ቀየረ፣ ጨረስኩ ብሎ ሻዩን ሊጠጣ ወጣ።

አዲሶቹ ቦርዶች ሲሞከሩ ስክሪኑ ጨለማ ሆነ። ሌላ ቦርድ ተሰካ፤ ያው ጨለማ። ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ስብሰባ ጠራ። ሊቁ ማንም ሳይጠይቀው ተነሳና፣ «ቦርዱ ነው። ንድፉ ከመሠረቱ የተበላሸ ነው» አለ።

ሚስቴ እሱን ከልጅነቷ ጀምሮ «ጋሼ» ነው የምትለው። እዚያም በሰው ፊት እንዲሁ ጠራችው።

«ጋሼ፣ ንድፉን ከፍተህ አይተኸዋል?»

«ንድፍ የሚያይ ጀማሪ ነው። እኔ ስክሪኑን አይቼ ነው የማውቀው።»

«የጨለመ ስክሪን አይተህ?»

ሰው ሳቀ። ሊቁ ፊቱ ቀላ፤ «እህቴ ስለሆነች አልሸፍናትም፤ እኔ ለዝምድና አላደላም!» አለ። ይህቺ ንግግር ሥራ አስኪያጁን ልቡን ነካችው። ሀቀኛ ሰው ማለት እንዲህ ነው ብሎ ቦርዶቹን ወደ መጋዘን፣ ሚስቴን ወደ ማሸጊያ ክፍል ላካት። ንድፍ ስትሠራ የኖረች ሴት ካርቶን ላይ ፕላስተር ስትለጥፍ ዋለች።

እሑድ እናታቸው ቤት ተገናኘን። ሊቁ ትልቁን ወንበር ይዞ ስለ ሥራ ሥነ ምግባር ያስተምረናል።

«ምነው ልጄ፣ እህትህን ብትደግፋት?» አሉት እናቱ።

«እማዬ፣ ለእሷው ብዬ ነው። ትማርበታለች።»

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ሚስቴ ግን እግሬን ከጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ።

በማግስቱ የመጋዘኑን ሰው አስፈቅዳ አንድ ቦርድ ይዛ መጣች። የምንበላበትን ጠረጴዛ ጠርጋ፣ ቦርዱን ከቴሌቪዥናችን ጋር አገናኝታ፣ የወንድሟን ፋይል ከፈተች። ብዙም ሳትቆይ ከት ብላ ሳቀች።

«ና እየው» አለችኝ። «አሮጌው ቦርድ ላይ በዋናው ቺፕና በሶኬቱ መሃል የምስሉን ዓይነት የሚለውጥ መቀየሪያ ቺፕ ነበረ። አዲሱ ላይ አያስፈልግም ብዬ አወጣሁት፤ ምስሉ በቀጥታ ሶኬቱ ጋ ይደርሳል። ጋሼ ግን መቀየሪያው አለ ብሎ ጽፎለታል። ከርነሉ ምስኪን የሌለው ቺፕ እስኪመጣ እየጠበቀ ነው።»

የመቀየሪያውን መስመሮች አጠፋች። የዋናውን ቺፕ መውጫና የሶኬቱን መግቢያ እርስ በርስ አገናኝታ ጻፈች። ገመድ መሰካቱን የምታሳውቀው መስመርም ቦታዋ ተቀይሮ ስለነበር አስተካከለችው። ቦርዱን አጥፍታ አበራችው። ቴሌቪዥናችን ወገግ አለ።

እኔ በቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ አሳዪው አልኩ። እሷ፣ «ታላቄ ነው፤ ራሱ ያርመውና ያቅርበው፣ በሰው ፊት አላዋርደውም» ብላ ፋይሉን ለእሱ ሰጠችው።

ሊቁ ምን አደረገ? ዓይኑን በጨው አጥቦ ስብሰባ ጠራ። «የተበላሸውን ቦርድ በፋይል ዘዴ አዳንኩት» አለ። ተጨበጨበለት። ቦርዶቹ ከመጋዘን ወጡ። ሚስቴ ፕላስተሯን እንደያዘች ቀረች።

ይህም አልበቃው ብሎ ፋይሉን በራሱ ስም፣ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ በየአገሩ ሆነው ከርነሉን ለሚያስተዳድሩት ሰዎች ላከ። እነዚህ ሰዎች የሚላክላቸውን ሁሉ በአደባባይ፣ ማንም እያነበበው፣ የሚመረምሩ ናቸው። ሊቁ ከፋይሉ አናት ላይ «የቦርዱን ጉድለት የሚያልፍ ማስተካከያ» ብሎ ጽፎ ነበር። አንዱ መርማሪ በጨዋ ቃል መለሰለት፦ ፋይሉ የሚገልጸው ጤነኛ ግንኙነት ነው፤ ለመሆኑ የቦርዱ ጉድለት ምንድን ነው?

ሥራ አስኪያጁም ጥያቄውን አነበበውና፣ «እውነት፣ ጉድለቱ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ሊቁ «እመለስበታለሁ» ብሎ ከቢሮ ወጣና በቀጥታ የኛን በር አንኳኳ። ያ የተገተረ ሰው ሶፋችን ላይ ተኮራምቶ ተቀመጠ።

«አንቺ ልጅ፣ እባክሽ መልሱን ጻፊልኝ። ቀለል ያለ ነገር... ጉድለቱ ትንሽ ነው የሚል።»

ሚስቴ ላፕቶፑን ተቀብላ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፈችና መለሰችለት። «ቦርዱ ምንም ጉድለት የለበትም። ሳላየው ነው የጻፍኩት።»

ሊቁ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ያኔ እንኳ፣ እውነቴን ነው፣ ትንሽ አዝኜለት ነበር፤ ሰው ሊሆን ነው ብዬ። እሱ ግን ጣቱን ዘርግቶ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሰረዘና የመጀመሪያውን ብቻ ላከ። ከዚያ አንገቱ ተመልሶ ቀና አለ።

«አየሽ? ስምሽን አጠራሁልሽ» አላት።

ልነሳ ስል ሚስቴ ቀደመችኝና በሩን ከፈተችለት። «ነገ ሥራ አስኪያጁ ጋ እገባለሁ ጋሼ» አለችው፤ «የተሰረዘውን እኔ እነግረዋለሁ።»

ነገረችውም። ወደ ንድፍ ክፍሏ ተመለሰች፤ ለከርነሉ የሚጻፈውንም ፋይል አሁን ራሷ ትጽፋለች። ሊቁን አላባረሩትም፤ እንደሱ ያለ ሰው መቼ ይባረራል? አዲስ ተቀጣሪዎችን እንዲያሠለጥን አደረጉት። የመጀመሪያው ትምህርቱ ስለ ጥንቃቄ እንደሆነ ሰምቻለሁ።