ዋይፋዩን የቆለፍኩበት የማኅበር ቀን

ተናገሪ ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። በተለይ የልጅ ልጄ፣ «እማዬ፣ የዋይፋዩን ነገር ጻፊልን፤ አንቺ ስታወሪው ነው የሚያስቀው» ብላ ደብተር ገዝታ ሰጠችኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለቃቀምኳት ፊደል አለች፣ እሷን ይዤ ነው። የሚያስቀው የቱ ጋ እንደሆነ ግን እኔ እስካሁን አልገባኝም።

ቤታችን ቆሰበር ነው፤ የዛሬዎቹ እንጅባራ ይሉታል። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ቤት መቀጠል ይወድ ነበር። ክረምት ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ አንድ ክፍል ይቀጥላል። «መቼ ነው የሚያበቃው?» ስለው፣ «ሰው ሲያልቅ» ይለኛል። እንዲህ እያለ ከፊት ትልቁ ቤት፣ ከኋላው ደግሞ እንደ መቁጠሪያ ተቀጣጥሎ ወደ ታች የሚወርድ ሰርቪስ ሆነ። እሱ ሲያርፍ ክፍሎቹን አከራየኋቸው። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ፤ ሁሉም በተራ። ታዲያ ዋይፋይ ሲመጣ እሱም በተራ የሚሆን መስሎኝ ነበር።

ዋይፋዩን የገጠመው ሠራተኛ ሳሎን ግድግዳው ላይ ሰቀላት፤ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጎን። ሁለት ቀንድ ያላት ትንሽ ነጭ ሳጥን ናት። ትልቁ ቤት ሁሉ ተደሰተ። መሐል ሰርቪስ ላይ ግን አንዴ መጣ አንዴ ሄደ ይላሉ፤ መጨረሻው ክፍል ጭራሽ የለም።

እኔማ የቧንቧ ነገር ታወሰኝ። ላይኞቹ ሲከፍቱ ለታችኞቹ አይደርስም። ስለዚህ በየበሩ እየዞርኩ «ለታችኞቹ እንዲደርስ እናንተ ዝጉ» አልኳቸው። ሠራተኛው ተመልሶ ሲመጣ ይህን ሰምቶ ሳቀ።

«እማማ፣ ውኃ አይደለም እኮ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«በአየር ነው የሚሄደው።»

«አየርማ ታች ቤትም አለ!»

ግድግዳውን መታ መታ አደረገ። ወፍራም ጭቃ ነው፣ በየመሐሉ ቆርቆሮ አለበት፣ ያስቀረዋል አለኝ። በር ክፍት ሲሆንስ? አልኩ። በኋላ ሌላ ትንሽ ሳጥን አምጥቶ መሐል ክፍል ሰካና፣ ይቺ ከላይኛዋ ተቀብላ ለታችኛው ታቀብላለች አለ። ይኼ ገባኝ። እኛ አገር ቤት አንዱ ከጉብታው ላይ ሆኖ ሲጣራ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ተቀብሎ ለሚቀጥለው ይጣራ የለ? መጀመሪያውኑ እንዲህ አይለኝም?

መጨረሻው ክፍል የምትኖረው ከዳንግላ የመጣች አስተማሪ ነበረች። ዝምተኛ፣ ልብሷን እንኳ ከሰው ኋላ የምታሰጣ። ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ልትማር ትሞክር ነበር፤ ሰዎቹ በኮምፒውተር እያዩ ይጠይቋታል። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ስትናገር መሐል ላይ ተቋረጠባት፤ ከዚያ ወዲያ አልደወሉላትም። በዓመቱ ደግመው ቀን ሰጧት። «ይቺ ካለፈችኝ አበቃ፣ እማማ» አለችኝ። «ዕድሜዬንም ከዚህ በኋላ አይቀበሉትም።»

ቀኑን ስትነግረኝ ደነገጥኩ፤ የሚካኤል ዕለት ነው። የማኅበሩ ጽዋ ከእኔ ዘንድ ነበር፤ ተራዬ ነው፣ አይገፋ ነገር። ሳሎኑ በማኅበርተኛ ይሞላል። ካፌ እንዳትሄድ ሙዚቃው አያናግርም። ግን ያቺ አቀባይ ሳጥን ገብታለች፤ ክፍሏ ድረስ ይመጣል። «ክፍልሽ ሁኚ፣ እኔ አለሁ» አልኳት። እኔ አለሁ ማለቴን አስታውሳለሁ።

ዕለቱ ደረሰ። ጠዋት ሳሎኑን ጠርጌ፣ ቄጤማ ጎዝጉዤ፣ ቀና ስል ዓይኔ ሥዕሉ ላይ አረፈ። ሚካኤል ከነሰይፉ፤ ከእግሩ ሥር ያ ቀንዳሙ፤ ከጎኑ ደግሞ ይቺ ባለ ሁለት ቀንድ የእኔዋ! ስንት ወር ሳያት ኖሬ ያን ጠዋት ነው የታየችኝ። አንዲት የማኅበር ጓደኛ አለችኝ፣ ምላሷ ምላጭ ነው። አባስ ቢያዩ ምን ይላሉ? አባ የነፍስ አባቴ ናቸው።

አውርጄ በነጠላ ጠቀለልኳትና ከሥር ያለው የቆርቆሮ ሳጥኔ ውስጥ አስገባኋት። ሽቦዋን አልነቀልኩም፤ ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም። መብራቷ ብልጭ ብልጭ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። በርታለች፣ ትሠራለች አልኩና ክዳኑን ተጭኜ ቆለፍኩ። ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ።

ማኅበርተኛው ገባ። አባ ዳቦውን ሊባርኩ ብድግ ሲሉ ጋቢያቸው ውስጥ ስልክ ጮኸ።

«አባ፣ መስቀልዎ ደወል ጀመረ እንዴ?» አለች ጓደኛዬ።

«ልጄ ናት፣ ከአዘና። ይኼን ትልቅ ስልክ ገዝታ ሰላም ነሳችኝ» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሳቁ ሳያልቅ አስተማሪዋ ኮምፒውተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

«እማማ፣ ጠፋ!»

«ማን ጠፋ?»

«ዋይፋዩ! አሥር ደቂቃ ነው የቀረኝ!»

«በርቷል እኮ» አልኳት። እውነቴን ነው።

ግድግዳውን አየች። ሚስማሩ ብቻ ነው ያለው። «የት ሄደች?» አለች። ጓደኛዬ በአገውኛ «ምን ሆነች? ሰው ሞተባት?» ትለኛለች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በሳጥኗ ቀንድ አፍሬ ቆለፍኩባት እንዴት ልበል? «ቆይ፣ ዳቦው ይባረክ» አልኳት። ይኼን ሳስብ ዛሬም ፊቴን ይሞቀኛል። የልጅቱ እንባ ዱብ አለ።

እንባዋን ሳይ ቁልፉን ከአንገቴ በጠስኩት።

የልጅ ልጄ ሳጥኗን ስታወጣት መብራቷ ጠፍቷል። ክዳኑ ሽቦዋን ተጭኖ ነቅሎት ኖሯል። እንደገና ሰካካቻትና «እስክትነሣ ጊዜ ትፈልጋለች» አለች። አንድ ቀይ ብቻ በራ። ቀይ ደግ ነው ክፉ? ማንም አልነገረኝም። አስተማሪዋ እዚያው የቆርቆሮ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። አባ መጥተው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ፤ ቀኝ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ነው። ጎንበስ ብለው በጆሮዋ አንድ ነገር አሏት፤ እሷም ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገች። መስቀላቸውን ይዘው እየባረኳት ነው አልኩ።

ወዲያው ኮምፒውተሩ ላይ የፈረንጅ ፊት ወጣ።

አባ በግራ እጃቸው ዝም በሉ አሉን። ጓደኛዬ፣ ያቺ ምላሰኛ፣ የጎረሰችውን ቆሎ አላላመጠችም። አስተማሪዋ በእንግሊዝኛ ተናገረች፣ ተናገረች፣ አንዴም አልተቋረጠ። እኔ ቃሉ አይገባኝ፤ ድምጿ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም፣ ጎላ ያለ ነበር። ስትጨርስ ጓደኛዬ ጉርሻዋን ውጣ እልል አለች።

አለፈች። መስከረም ሳይጠባ ሄደች። እኔም ከዚያ ወዲህ ስለ ዋይፋይ ወሬ በተነሣ ቁጥር፣ «የእኔዋ ሳጥን ታስራ እንኳ ሰው አላሳፈረችም፤ ፈትተናት ወዲያው ደረሰች» እያልኩ ለስንቱ አወራሁ። አባም ቁጭ ብለው ሲሰሙኝ «እውነትሽን ነው ልጄ» ይሉኝ ነበር።

አባ አምና ዐረፉ። ለአስተማሪዋ በስልክ ስነግራት ብዙ አለቀሰች፤ ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«እማማ፣ ያን ቀን ሳጥንዎ የተነሣችው እኔ ከጨረስኩ በኋላ ነው። የእኔ ስልክ ጥቅሉ አልቆ ነበር። ኢንተርኔቱን ከአባ ስልክ ነው ያገኘሁት፤ ልጃቸው እንዴት ለሰው እንደሚያጋሩ አሳይታቸው ኖሮ የይለፍ ቁጥሩን በጆሮዬ ነገሩኝ። ‹ዛሬ ጽዋው የእሷ ነው፣ በሰው ፊት እንዳታሳፍሪያት› አሉኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ጋቢያቸው ውስጥ የያዙት ስልኩን ነበር፤ መስቀላቸውማ ጠረጴዛው ላይ፣ ዳቦው አጠገብ ነበር።»