የጀልባዋ ባትሪ

ጎረቤታችን የመኪናውን ባትሪ ከፍቶ አሲድ ሲሞላ ሽታው ወደ ጣና ዳርቻ መለሰኝ። በደርግ ጊዜ አባቴ የባለሁለት ሞተር ጭነት ጀልባ መካኒክ ነበር። አንዱ ባትሪ ቢደክም በሌላው እንዲያስነሣ ለየሞተሩ የራሱን ባትሪ ያስቀምጥ ነበር። ምሳውን ይዤለት በሄድሁ ቀን አንድ ካድሬ ደህናውን ባትሪ ለሰልፍ ድምፅ ማጉያ አስፈታው።

«ጓድ፣ የቀረው ደካማ ነው፤ ማዕበል ላይ ሞተሩ ቢጠፋ አይነሣም» አለ አባቴ።

«አብዮቱን ልታደናቅፍ ነው? ጭነቱ ዛሬ ይሂድ፤ አለዚያ አንተ እስር ቤት ትሄዳለህ!»

አባቴ አሲድ የበላው እጁን ጠርጎ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ሂጂ ልጄ፤ ውሃው ይሻላል» አለኝና ጀልባዋ ላይ ወጣ። ሐይቁ ጸጥ ማለቱን የነገረኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ማዕበል ተነሣ። ጀልባዋን ተገልብጣ አገኟት፤ እሱን ግን አላገኙትም። እናቴ እስከ ዛሬ የጣና ዓሣ ቤቷ አታስገባም።