ከማል ከስክሪኑ ላይ የጠፋ ዕለት

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አስር ሰዓት ገደማ ነበር። ጊዜው የባቡሩ ሐዲድ እየተሠራ መገናኛ በአቧራ የታፈነበት ነው፤ እኔም ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ብዙ ነገር የሚረሳኝ ሰው ነኝ። ያቺ ሐሙስ ግን አልተረሳችኝም። አንዲት እናት ማንም አንድ ቃል ሳይነግራቸው፣ እኔ ፊት ቆመው መርዶ የሰሙባት ቀን ናት።

ሲግናል አካባቢ አንድ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በተከራየናት ክፍል ከዮናስ ጋር የኮምፒውተር ጌም እንሠራ ነበር። እሱ ፕሮግራሙን ይጽፋል፣ ሥዕሉ የእኔ ድርሻ ነው። ጨዋታው ወታደራዊ ነው። ተጫዋቹ አዛዥ ሆኖ ወታደሮቹን በኮረብታና በጫካ መካከል ያንቀሳቅሳል፣ ስንቅ ያደርሳል፣ ቁስለኛ ያወጣል። ኮረብታዎቹን የወሰድነው ከእንጦጦ ነው።

ለወታደሮቹ ሞዴል የሆነን የዮናስ ጓደኛ ከማል ነበር። ነጭ አንሶላ ፊት አቁመን ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ፎቶ አነሳነው፤ ሲራመድ፣ ሲንበረከክ፣ በደረቱ ሲተኛ። ከዚያ ምስሉን ቆርጬ አባዛሁት። ስለዚህ የሠራዊታችን ወታደር ሁሉ ከማል ነው።

እናቱ እማማ ከድጃ ከሕንጻው ሥር ሰልባጅ ልብስ ይሸጣሉ። ከማል ሥራ ፍለጋ ሱዳን ከሄደ ወዲህ በናፈቃቸው ቁጥር ደረጃውን እያረፉ ወጥተው ይመጣሉ። "ልጄን አሳዪኝ" ይሉኛል፤ ጌሙን እከፍትላቸዋለሁ። መጀመሪያ ያዩት ዕለት ሠራዊቱን ትክ ብለው ተመለከቱና፣ "አንዱን ለማሳደግ ያን ያህል አሳሬን ያየሁ፣ ይህን ሁሉ ማን ሊመግብልኝ ነው?" አሉ።

"መንግሥት ነዋ እማማ፣ ወታደር አይደሉ እንዴ" አላቸው ዮናስ።

"እንግዲያው ይከሳሉ" አሉት።

ችግሩ ምስሎቹ ጠፍጣፋ መሆናቸው ነበር። ተጫዋቹ ዕይታውን ወደ ጎን ሲያዞር ወታደሮቹም አብረውት ይዞራሉ፤ ከላይ ሲያያቸው የካርቶን ቁራጭ ይመስላሉ። በስሪዲ፣ ማለትም በዙሪያቸው ሊታዩ በሚችሉ፣ ሙሉ አካል ባላቸው ወታደሮች ልንተካቸው ወሰንን። ወራት ፈጀብኝ። አዲሶቹ ጥላ አላቸው፣ ጉልበታቸው ይታጠፋል፣ ሲዞሩ የተሸከሙት ቦርሳ ይታያል። የሰው ፊት አስመስሎ መሥራት ግን ያኔ ከአቅሜ በላይ ስለነበር የማንም ያልሆነ ፊት ሰጠኋቸው።

ያን ሐሙስ አዲሱን ሠራዊት ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሞክር እማማ ከድጃ ገቡ። ከማል ኔትወርክ ወደሌለበት የወርቅ ቁፋሮ ቦታ ሊሄድ መሆኑን ደውሎ ከነገራቸው ወዲህ ለሳምንታት ድምፁን አልሰሙም ነበር። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። አንዱን ወታደር አዩ፣ ሌላውን አዩ።

"ከማልስ?" አሉኝ።

"ምስሎቹን በአዲስ ቀየርናቸው" ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ዓይን አፋር ነኝ፤ ትልቅ ሰው ቅር የሚያሰኝ ነገር መናገር ሲኖርብኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ልጃቸውን ሊያዩ ያን ሁሉ ደረጃ የወጡ እናትን "አጥፍቼዋለሁ" ማለት ከበደኝና አንገቴን ደፋሁ። ዮናስም አፈረ መሰለኝ ስክሪኑን አጠፋ፣ ወንበር ሳበላቸው። "አረፍ ይበሉ እማማ" አለና ውሃ ቀዳላቸው።

በእኛ አገር ይህ ሁሉ መቼ እንደሚደረግ ማንም ያውቃል። መርዶ በድንገት አይነገርም። ባለሐዘኑ እንዲቀመጥ ይደረጋል፣ ውሃ ይሰጠዋል፣ ሞቱን የሚያውቁ ሰዎች ዓይኑን ላለማየት መሬት መሬት ያያሉ። እማማ ከድጃ ብርጭቆውን ተቀበሉ እንጂ አልጠጡም። አንዴ ዮናስን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሞት ሲሰሙ የሚሉት ነው።

"ኧረ እማማ፣ ከማል ደህና ነው" አልኩ ደንግጬ።

"እኔም እህቴን እንዲሁ ነበር ያልኳት፣ ልጇ የሞተ ጊዜ" አሉኝ። "ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው እያልኩ እስኪነጋ ዋሸኋት።"

"ምስሉን ቀይረነው ነው እንጂ! በእግዚአብሔር እምላለሁ..."

"አትማዪ ልጄ። አንቺ ምን ታደርጊ፣ አትናገሪ ተብለሽ ነው።"

እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር መርዶውን አጸናሁባቸው። ደግሞስ ደህና ነው ብዬ የምምለው በምን አውቄ ነው?

ደረጃውን ወረዱ። አብረዋቸው የሚሸጡት ሴቶች ፊታቸውን ሲያዩ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ዮናስ ሱዳን ያሉ የከማልን ጓደኞች ሊያፈላልግ ስልኩን ይዞ ቀረ። እኔ ተከትያቸው ቤታቸው ስደርስ ጎረቤት አግዳሚ እያወጣ ነበር። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ያሉት ሴትዮ "መቼ ነው ያረፈው?" ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

"አልሞተም" አልኳቸው።

እጄን ጨበጥ አድርገው፣ "አይዞሽ፣ አሁን እኮ እናቱ አውቀውታል፤ ከእንግዲህ አትጨነቂ" አሉኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዮናስ እያለከለከ ገባ። ከማልን አግኝቶታል። ከቁፋሮው ከተመለሰ ቀናት አልፈውታል፤ ያልደወለው ቁጥር ሁሉ ያለበት ስልኩ ጠፍቶበት ነው። እማማ ከድጃ ስልኩን አልይዝም አሉ። ዮናስ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ከፈተው።

"እማ፣ እኔ ነኝ።"

እማማ ከድጃ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

"ማነህ አንተ?"

"ከማል ነኛ። ምን ሆነሻል?"

"በልተሃል?"

"በልቻለሁ።"

"ምን?"

"ፉል ነው የበላሁት እማ።"

ያኔ አለቀሱ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንባ አልወጣቸውም ነበር።

ሰዉ ሳቀ፣ ተቃቀፈ፣ አግዳሚውም ወደየቤቱ ተመለሰ። እኔ መሄድ አቅቶኝ ጓሮ ብርጭቆ ሳጥብ እማማ ከድጃ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"በቁሙ ለቅሶ ተቀመጥኩበት" አሉ። "እናት በልጇ ይህን ታደርጋለች? አላህ ይቅር ይበለኝ።"

ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ አሁንም ቃል አልወጣኝም።

"አንቺ ደግሞ" አሉኝ፣ "አፍሽ የተፈጠረው ለእንጀራ ብቻ ነው? ነገ በጠዋት ነዪ። ሰደቃ አወጣለሁ፤ ለችግረኛ ዳቦ ስናድል ታግዢኛለሽ።"

ጌሙ ካለቀ ዓመታት አልፈዋል። ወታደሮቹን ያየ ሁሉ አድንቋቸዋል፤ እኔም በሥራዬ አላፍርባቸውም። እማማ ከድጃ ግን ያን ደረጃ ዳግም አልወጡም። የድሮውን ምስል ልመልስልዎት ብላቸው፣ "ተዪው፣ አልቅሼበታለሁ፤ እሱን ደግሜ ማየት ያስፈራኛል" አሉኝ። ከማል ዛሬም በሰው አገር ነው። ሲናፍቃቸው የሚሄዱበት አንድ ቦታ ነበራቸው፤ እሱን ዘጋሁባቸው። ጠፍጣፋውን መተካቴ ሳይሆን ያን ቅጽበት ዝም ማለቴ ነው ዛሬም የሚቆጨኝ።

ከዚያች ሐሙስ በማግስቱ ግን ጠዋት፣ እንዳሉኝ ሄድኩ። ጭጋጉ ሳይገለጥ ሁለት ዘንቢል ዳቦ ይዘን በታክሲ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዚያም በእግር ወደ ባሕር ዛፉ ወጣን። እማማ ከድጃ ደክሟቸው ድንጋይ ላይ አረፍ አሉ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከእንጦጦ መውረድ ጀምረው ነበር።

"አንቺ ስጫቸው" አሉኝ። "ለምን እንደሆነም ንገሪያቸው። ጮክ ብለሽ።"

የመጀመሪያዋ ሴት ሸክሟን ሳታወርድ፣ እንደጎበጠች ዳቦውን ተቀበለችኝ። "የምን ነው የኔ እህት? የሙት ዓመት ነው?" አለችኝ።

"አይደለም" አልኩ። ድምፄ አነሰብኝ። ዞር ብዬ እማማ ከድጃን አየኋቸው፤ እየጠበቁኝ ነበር። "ከማል የሚባል ልጅ አላቸው። በሕይወት አለ" አልኩ ጮክ ብዬ።

"እሰይ፣ ያቆይላቸው" አለችና ቁልቁል ወረደች። ለቀጣይዋም እንዲሁ አልኳት፤ ዳቦው እስኪያልቅ ለሁሉም ነገርኳቸው።