የወሎዬዋ ምድጃ

ይህ ቢላዋ ከዶለዶመ ቆይቷል። ስለቱ አልቆ መሃሉ ጎድጉዷል፤ እጀታው ላይ የተጠመጠመውን ቀይ ክር ግን ባረጀ ቁጥር የምቀይረው እኔ ነኝ። አሁን ከሳጥን ሳወጣው የዝገትና የድሮ ሞራ ሽታ አብሮት ወጣ። አንቺም አይተሽ "እማማ፣ ይህን ዱልዱም ለምን አይጥሉትም?" አልሽኝ። ቁጭ በይ ልንገርሽ፤ እኔም እግሬ ዝሏል፣ መቆም አልችልም።

ጣሊያን ሳይገባ፣ ናዝሬት ገና አዳማ ብቻ ስትባል ነው እዚህ ግቢ ምራት ሆኜ የገባሁት። ከተማዋ ባቡር ጣቢያውን ተጠግተው የተኮለኮሉ ጎጆዎችና ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች ነበረች። ነፋሱ ያው የዛሬው ነፋስ ነው፤ ወጥ ውስጥ አቧራ ሳይጨምር አይውልም ነበር። አማቴ የነጋዴ ማደሪያ ነበራቸው። ከአርሲ ቆዳና ቅቤ በአጋሰስ ጭነው የሚመጡ ነጋዴዎች ባቡሩ እስኪደርስ እሳቸው ዘንድ ይበላሉ፣ ያድራሉ። ባላቸው ሐዲድ ሲዘረጋ በወባ ሞተውባቸው፣ ከሸዋ ዘመድ ሳይጠሩ፣ ከአንዲት ጎጆ ተነስተው ያቆሙት ቤት ነው። ቅዳሴ አያስታጉሉም። ጣቢያው ላይ የታመመ መንገደኛ ከተገኘም ሰው ተሸክሞ የሚያመጣው ወደ እሳቸው ነበር። ይህን ሁሉ ሲሠሩ "ደከመኝ" ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ሙሽራዋ ግን ገና በሳምንቴ ወገቤ ተቆርጦ ነበር።

ግቢው ትይዩ የቆሙ ሁለት ማድቤቶች ነበሩት፤ የቀኙ የአማቴ፣ የግራው ወሎዬዋ የምንላት እስላም ሴት ማድቤት። ያኔ ክርስቲያን እስላም የባረከውን ሥጋ አይበላም፣ እስላሙም ክርስቲያን የባረከውን አይነካም፤ ድስት እንኳ አይዋዋሱም። ነገሩ የተጀመረው እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው። አንድ ምሽት ሌላው እንግዳ ሥጋ ሲበላ አንድ የአርሲ እስላም ነጋዴ ጥግ ይዞ ከስልቻው ቆሎ ይቆረጥም ነበር አሉ። አማቴ ጠጋ ብለው ምን ልሥራልህ ቢሉት፣ የክርስቲያን ሥጋ ያልነካው ድስት እንደሌላቸው አይቷልና "ገለቶማ እናቴ፣ ይስጥልኝ፤ ጠግቤአለሁ" አላቸው። እሳቸው ግን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። በማግስቱ ገበያ ወርደው፣ ቂጣ ትሸጥ የነበረችውን ወሎዬ አገኙና የግቢያቸውን እኩሌታ ሰጧት። እሷም ቢላዋዋ ከአማቴ ቢላዋ እንዳይምታታ ይህን ቀይ ክር አሰረችበት።

ወሎዬዋ ሳቂታ ነበረች። እርስዎ ስላት "እርስዎ ይርሳሽ፤ አንቺ በይኝ የኔ ዓለም" ብላ ተቆጣችኝ። ማታ ማታ እንግዳው ሁሉ በልቶ ሲያበቃ፣ ሁለቱ ሴቶች በማድቤቶቹ መካከል ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከልብሳቸው ጭስና ሽንኩርት ይሸታል። ያን ጊዜ ወሎዬዋ እግሯን ዘርግታ "አንቺ እንደሁ አትዪም፤ እኔ ልበልልሽ። ደከመን" ትላለች። አማቴ ይስቃሉ።

በአንዱ በጋ ወንድሟ ከወሎ መጣ፤ እናቷ ሊሞቱ ነው፣ ቶሎ ድረሺ አለ። በማግስቱ ጠዋት በቅሎው ተጭኖ ሲቆም፣ ቢላዋዋን በማድቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ወጣች።

"ምድጃዬን ለሌላ ሰው እንዳትሰጪብኝ" አለቻቸው።

"እመቤቴን! አልሰጥም።"

"እንግዲያ አብሽሪ። ለአረፋ እመለሳለሁ።"

አማቴ ያን ዕለት ወዲያው ሥጋ አስቀሩ። "አንዱ ሲበላ ሌላው የሚያይበት ቤት የለኝም። እሷ እስክትመለስ ሁሉም ሽሮ ይበላል" አሉ። ሥራውን የሚፈልጉ እስላም ሴቶች እየመጡ ጠይቀዋቸዋል። "ምድጃው ባለቤት አለው" እያሉ አብልተው ይሸኟቸው ነበር።

ዐቢይ ጾም ነበርና መጀመሪያ ክርስቲያኑ እንግዳ ልብ አላለም። ፋሲካ መጣ፤ ያው ሽሮ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ሥጋ ወዳድ ነበርኩና በልቤ አማቴንም ወሎዬዋንም አማኋቸው። የንስሐ አባታቸው ወሬው ደርሷቸው መጡ።

"በሃምሳው መጾም ነውር መሆኑን አጥተሽው ነው?" አሉ።

"አልጾምኩም አባቴ። ቅቤው ይኸው፣ እንቁላሉ ይኸው፣ አይቡም ይኸው። የቀረው ሥጋው ብቻ ነው።"

"ሥጋውስ ለምን ቀረ?"

"እመቤቴን ብዬ ምያለሁ፤ የሰው ምድጃ አደራ አለብኝ።"

አባ ሽሮውን ባርከው፣ በደንብ በልተው ሄዱ።

ነጋዴው ግን እንደ አባ አልታገሠም። ከጣቢያው ማዶ ሌላ ማደሪያ ተከፈተ፤ ነፋሱ የጥብሱን ሽታ እያመጣ እኛ ደጅ ይጥለዋል። ባሌ እንኳ እዚያ አምሽቶ፣ አፉን ጠራርጎ መግባት ጀመረ። "አፍህን ብቻ ሳይሆን ጥርስህንም ጎርጉር" እለው ነበር። አረፋ አለፈ። በቅሎዎች ይታሰሩበት የነበረው ግንድ ባዶውን ቀረ። አማቴ በየማለዳው የወሎዬዋን ደጅ ይጠርጋሉ፤ ደፉን ግን አይረግጡም። ቤቱ ዓይኔ እያየ ሲፈርስ አንድ ቀን ደፍሬ ተናገርኩ።

"እማማ፣ ሰው ሁሉ ሸሸን። ሌላ ሴት ቢያስገቡ ምን አለ?"

"ተመልሳ ሌላ ሰው ብታገኝበት ምን እላታለሁ?" አሉኝ፤ መጥረጊያቸውን እንደያዙ።

የግቢው እኩሌታ ዛሬ ጋራዥ ነው። ይህ የምትሰሚው የመዶሻ ድምፅ የሚመጣው ከወሎዬዋ ማድቤት በኩል ነው።

ክረምት ገብቶ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ የደበደበው የወሎ ነጋዴ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ የቤቱን ባለቤት ጠየቀ። ወሎዬዋ እናቷን ቀብራ፣ ወደ አዳማ ከእሱ ጋር ጉዞ ጀምራ እንደነበር፣ ቆላው ላይ ንዳድ እንደጣላት ነገራቸው። "ለአረፋ ልድረስ፣ ለአረፋ ልድረስ ትል ነበር። ሰግደንባት ቀበርናት" አለ።

አማቴ አልጮኹም። እንግዳውን እሳት ዳር አስቀምጠው ልብሱን አደረቁለት። ከዚያ ባሌን በግ እንዲገዛ ላኩት፤ እኔን በከተማው ያሉትን እስላሞች፣ ጫኙንም ነጋዴውንም እንድጠራ ላኩኝ። በጉ ሲመጣ የወሎውን ነጋዴ "እዚያ ግድግዳ ላይ ቢላዋዋ ተሰቅሏል። በእሷ ቢላዋ ይባረክ፣ በእሷ ምድጃ ይሠራ። ሰደቃዋ እዚህ ይሁን" አሉት።

በማግስቱ፣ ስንት ወር ቀዝቅዞ የከረመው የግራው ማድቤት ጨሰ። ግቢው እንደ ድሮው ሞላ። አማቴ ከጠዋት ጀምሮ እንጨትና ውሃ እስከ ደፉ ድረስ እያመጡ ያቀብላሉ። ሁሉም ተቀምጦ ሲበላ፣ እሳቸው ጥግ ላይ በርጩማ ስበው በመዳፋቸው ቆሎ ያዙ። አንድ የአርሲ ሽማግሌ ጉርሻቸውን ገታ አድርገው "እናቴ፣ እርስዎስ?" አሏቸው።

"ጠግቤአለሁ" አሉ አማቴ።

ሰው ተበታትኖ ዝናቡም ሲያባራ፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ሄደው ተቀመጡ፤ እንደወትሮው በዳር በኩል፣ የሌላኛዋን ቦታ ትተው። እኔ ከእግራቸው ሥር መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የግራው ማድቤት ፍም በበሩ ይታያል። እግራቸውን ቀስ ብለው ዘረጉ።

"ደከመን" አሉ።

ተነስቼ ወደ ወሎዬዋ ማድቤት ገባሁና እሳቱን እንዳይጠፋ ዳፈንኩት።